ራኬት የሚመረጠው በመጥፎ ቀን ነው

እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ከዓለም 116ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ዩክሬናዊው ሰርጊ ስታኮቭስኪ በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር ሮጀር ፌደረርን አሸነፈ። ዜናው የአንድ ጨዋታ ውጤት ብቻ አልነበረም። ፌደረር ከ2004 ጀምሮ በተካሄዱ 36 ተከታታይ የግራንድ ስላም ውድድሮች አንድም ጊዜ ከሩብ ፍጻሜ በፊት ተሰናብቶ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ያ ሰንሰለት በዚያ ቀን ተበጠሰ። የተበጠሰው ደግሞ ሰባት ጊዜ ዋንጫ ባነሣበት ሜዳ ላይ ነው። ካለፈው ዓመት ዋንጫ ጋር ገና አንድ ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ምክንያት ፍለጋ ገባ። አንዱ ዕድሜ ነው አለ፤ ሰውየው በኦገስት 32 ሊሞላው ነበር። ሌላው የጀርባ ሕመሙን አነሣ። ሦስተኛው ወገን ግን ጣቱን የቀሰረው ሰውየው በእጁ ወደያዘው ነገር ነበር፤ ወደ ራኬቱ።

ቴኒስ ለማይከታተል አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እናስቀምጠው። የራኬት መጠን የሚነገረው ክሩ በተወጠረበት ፊት ስፋት ነው። የፌደረር ራኬት ፊት 90 ስኩዌር ኢንች ነበር፤ ወደ 580 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ባላንጣዎቹ ከ95 እስከ 100 ስኩዌር ኢንች በሚደርስ ራኬት ይጫወቱ ነበር። የዋነኛው ተፎካካሪው የራፋኤል ናዳል 100 ነበር። በ90 እና በ97 መካከል ያለው ልዩነት ሲነገር ትልቅ ይመስላል። ራኬቶቹን ደራርቦ ለሚያያቸው ሰው ግን ትርፉ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጣት ጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ስለ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይህ ሁሉ ጫጫታ ለምን?

ትንሽ ፊት ያለው ራኬት ለተካነ እጅ ታዛዥ ነው። ኳሷ እምብርቱ ላይ ካረፈች የተላከችበት ቦታ ትደርሳለች። ችግሩ ያለው "ካረፈች" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ኳስ ከእምብርቱ ወጣ ብላ ስታርፍ ራኬቱን በእጅ ውስጥ ታዞረዋለች። ፊቱ በሰፋ ቁጥር ራኬቱ ለዚህ መዞር የማይበገር ይሆናል፤ ክሮቹም ስለሚረዝሙ ኳሷን መልሰው የሚወረውሩበት ጉልበት ይጨምራል። በአጭሩ ሰፊ ራኬት ስሕተትን ይቅር ይላል፤ ጠባቡ ግን ይቅርታ አያውቅም።

ናዳል ይህን ይቅርታ የለሽነት ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ግራኙ ስፔናዊ ኃይለኛ ሽክርክሪት ያለው ኳስ ወደ ፌደረር ግራ ይልካል። ኳሷ መሬት ነክታ ትነጥርና ትከሻ ድረስ ትወጣለች። ፌደረር ደግሞ ባክሃንዱን የሚመታው በአንድ እጅ ነው። ትከሻ ላይ የደረሰችን ኳስ በአንድ እጅ፣ ያውም በጠባብ ራኬት መትቶ መመለስ ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ኳሷ ጠርዝ ትነካና ወደ ተመልካች ትበራለች። በተለይ በሮላንድ ጋሮስ ቀይ አፈር ላይ ይህ ትዕይንት እየተደጋገመ የፌደረር ደጋፊዎችን ልብ ሰብሯል።

እንዲህ ከሆነ ለምን ቶሎ አልቀየረውም? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ያ ራኬት 17 የግራንድ ስላም ዋንጫዎች አምጥቶለታል። በተሸነፈ ቁጥር መሣሪያውን የሚጠረጥር ሰው መሣሪያ እንዳማረጠ ይኖራል፤ ዋንጫም አያይም። በተቃራኒው ደግሞ 17 ጊዜ የመሰከረለትን ዕቃ ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ድፍረት ቀላል አይደለም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ውድቀት ለለውጥ ይገፋፋል፤ ስኬት ግን ያለፈውን ምስክር እየጠራ ባሉበት እንዲቆዩ ያስገድዳል።

በፌደረር ፊት የነበረው ምሳሌ ራሱ ፒት ሳምፕራስ ነው። አሜሪካዊው 14 ግራንድ ስላሞችን ያሸነፈው ከፌደረርም ራኬት በጠበበ፣ 85 ስኩዌር ኢንች በሆነ የዊልሰን ራኬት ነው። እስከ መጨረሻው ከእጁ አልለየውም። ሮላንድ ጋሮስን ግን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ጨዋታ ካቆመ በኋላ ሰፋ ያለ ራኬት ሞክሮ ባለማየቱ እንደሚቆጭ በአደባባይ ተናግሯል። ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2001 በዊምብልደን አራተኛ ዙር ሳምፕራስን ሲያሸንፍ በእጁ የነበረው ራኬት ያው 85ቱ ነበር። ወደ 90 የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው የዊምብልደን ዋንጫ ደግሞ በ2003 መጣ። ማለትም ያ ከእጁ ሊለየው ያልቻለው አሮጌ ራኬት ራሱ አንድ ወቅት ላይ አዲስ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከስታኮቭስኪ ሽንፈት በኋላ ፌደረር ብዙዎች ያልጠበቁትን አደረገ። በጁላይ 2013 በሐምቡርግና በግሽታድ በተካሄዱ የአፈር ሜዳ ውድድሮች ላይ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ጥቁር፣ 98 ስኩዌር ኢንች የሆነ የሙከራ ራኬት ይዞ ብቅ አለ። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። በሐምቡርግ በግማሽ ፍጻሜው ከዓለም 114ኛ ደረጃ ላይ በነበረው አርጀንቲናዊ ፌዴሪኮ ዴልቦኒስ ተሸነፈ። በግሽታድ፣ በገዛ አገሩ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው በጀርመናዊው ዳንኤል ብራንድስ ተሸንፎ ወጣ። ጀርባውም እያመመው ነበር።

በኦገስት ወደ አሜሪካ ሲሻገር ጥቁሩ ራኬት ቀረ። አሮጌው 90 ተመለሰ። ብዙዎች "አልሠራም፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ አበቃ" አሉ። በዩኤስ ኦፕን አራተኛ ዙር ግን አሮጌውን ራኬት ይዞ በቶሚ ሮብሬዶ በሦስት ተከታታይ ክፍሎች ተሸነፈ። ሮብሬዶ ከዚያ በፊት አሥር ጊዜ ተጋጥሞት አሥሩንም የተሸነፈ ሰው ነው። እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? አዲሱም አሸንፎ አላሳየም፤ አሮጌውም አላዳነም።

የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው። በሐምቡርግ የተሞከረው ራኬቱ አልነበረም። የተሞከረው የታመመ ጀርባ፣ የተደናገጠ መንፈስና ገና ያልተላመደ እጅ በአንድ ላይ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በሽንፈት ማግስት፣ በሕመም ውስጥ፣ ተመልካች ፊትና ለነጥብ እየተጫወቱ የሚደረግ ሙከራ ስለ ዕቃው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሰውየው ጭንቀት ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት ላይ ተመሥርቶ "ሰፊ ራኬት ለኔ አይሆንም" ብሎ ቢደመድም ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ማስረጃ አለኝ ማለትም ይችል ነበር። ማስረጃው ግን የተበላሸ ማስረጃ ነው።

ፌደረር ያንን መደምደሚያ አልወሰደም። ውድድር የሌለበትን የዓመቱን መጨረሻ ጠበቀ። ጀርባው ተሻለው። ልምምዱን በአዲሱ ራኬት አደረገ፤ በጃንዋሪ 2014 በብሪዝበን ሰፊውን ራኬት ይዞ ዓመቱን ጀመረ። ከዚያ ወደ 90ው አልተመለሰም። በኋላ ይኸው ራኬት 97 ስኩዌር ኢንች ሆኖ በስሙ ለገበያ ቀረበ።

የቀየረውን ብቻ ሳይሆን ያልቀየረውንም ማየት ያስፈልጋል። ፊቱን አሰፋ፣ ጠርዙንም ወፈር አደረገ። ክብደቱ ግን ከቀድሞው ብዙም አልራቀም፤ ለገበያ የቀረበው ራኬት ያለ ክር 340 ግራም ነው። የክር አወጣጠሩም ያው የቀድሞው ሆኖ ቀጠለ። ቁመቱን የሚከተሉት ክሮች ከከብት አንጀት የተሠሩ፣ አግድሞቹ ደግሞ ሰው ሠራሽ ናቸው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። አንጀት ሲወጠር የሚሰጠውን ልስላሴና ምላሽ ከፋብሪካ የወጣ ክር በቀላሉ አይተካውም። ድምፅም ሆነ ኳስ ነገሩ ያው ነው። ሰውየው እጁ የሚያውቀውን ክብደትና የክር ስሜት እንደያዘ፣ የጎደለውን አንድ ነገር ብቻ ለወጠ።

ውጤቱስ? ይህን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። በ2013 አንድ ዋንጫ ብቻ አንሥቶ ዓመቱን በስድስተኛ ደረጃ የጨረሰው ሰው፣ በ2014 አምስት ዋንጫ አንሥቶ ሁለተኛ ሆነ። ግራንድ ስላም ግን ወዲያው አልመጣም። በ2014 እና በ2015 በዊምብልደን ፍጻሜ፣ በ2015 ደግሞ በዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ በኖቫክ ጆኮቪች ተሸነፈ። 2016ን በጉልበት ጉዳት ከግማሽ ዓመት በላይ ሳይጫወት አሳለፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ አዲሱ ራኬት አንድም ግራንድ ስላም አላመጣም። በዚህ ጊዜ ውስጥ "ድሮውንም አሮጌው ይሻል ነበር" የሚል ሰው ሞልቶ ነበር።

በጃንዋሪ 2017 በሜልበርን ፍጻሜ ፌደረርና ናዳል ተገናኙ። ፌደረር 35 ዓመቱ ነው። በአምስተኛውና በመጨረሻው ክፍል ናዳል 3 ለ 1 እየመራ ነበር። ያቺ የምትታወቀው ከፍ ብላ የምትነጥር ኳስ እንደ ልማዷ ወደ ባክሃንዱ መጣች። በዚህ ጊዜ ግን ፌደረር ወደ ኋላ አላፈገፈገም። ሳትወጣ ከፊት ሆኖ፣ ቀደም ብሎ፣ በሙሉ ኃይሉ መታት። አምስት ጌሞችን በተከታታይ ወስዶ 6 ለ 3 ጨረሰ። በዚያው ዓመት ከናዳል ጋር አራት ጊዜ ተገናኝቶ አራቱንም አሸነፈ። የ2017ን ዊምብልደን፣ የ2018ን የአውስትራሊያ ኦፕን ጨምሮ የግራንድ ስላም ዋንጫዎቹን 20 አደረሰ። በፌብሩዋሪ 2018 በ36 ዓመቱ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ የራኬቱ ሥራ ነው ማለት ቅጥፈት ይሆናል። ስቴፋን ኤድበርግ በኋላም ኢቫን ሉቢቺች አሠልጥነውታል። ረጅሙ ዕረፍት አካሉን ጠግኖለታል። ናዳልም ከራሱ ጉዳት እየተመለሰ ነበር። ራኬት ብቻውን ማንንም አያሸንፍም። ነገር ግን ባክሃንዱን ቀደም ብሎ በድፍረት መምታት የሚችለው "ጠርዝ ብነካስ?" የሚለው ፍርሃት ሲቀንስ ነው። ያቺ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሰጠችው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ለመድፈር የሚሆን ቦታ ሰጠችው።

ለውጥን የሚፈራ ሰው የብዮርን ቦርግንም ታሪክ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ስዊድናዊው 11 ግራንድ ስላሞችን ያሸነፈው በእንጨት ራኬት ነው፤ በ26 ዓመቱ ከውድድር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሞንቴ ካርሎ ሲመለስ ዓለም ሁሉ ወደ ግራፋይት ተሻግሮ ነበር። እሱ ግን ያንኑ የእንጨት ራኬት ይዞ መጣ። በስፔናዊው ጆርዲ አሬሴ 6 ለ 2 እና 6 ለ 3 ተሸነፈ። በኋላ ዘመናዊውን ራኬት ቢይዝም በተመለሰበት ዘመን አንድም ይፋዊ ጨዋታ አላሸነፈም። የቦርግ ችግር ዕድሜም ዕረፍትም ጭምር ነው። ግን የእሱ ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል፤ ለውጥ ጊዜ አለው። ከጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ለፎቶ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም።

አሁን ወደ ተራው ሰው እንምጣ። ቅዳሜና እሑድ ለሚጫወት፣ ለልጁ ራኬት ለሚገዛ፣ ወይም ውጭ ካለ ዘመድ "ጥሩ ራኬት ላክልኝ" ለሚል ሰው ከዚህ ሁሉ ምን ይተርፈዋል?

አንደኛ፣ የጀግናውን ራኬት አይግዛ። በፌደረር ስም የተሸጠው 340 ግራም ራኬት ብዙ ተራ ተጫዋቾችን ክንዳቸውን አዝሎ ጥሏቸዋል። ለአብዛኛው አዋቂ ጀማሪና መካከለኛ ተጫዋች ፊቱ 100 ስኩዌር ኢንች አካባቢ፣ ክብደቱ ያለ ክር ከ280 እስከ 300 ግራም የሆነ ራኬት በቂ መነሻ ነው። ደግሞም ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት የለመዱትን አሮጌ ራኬት በዘንድሮው ሞዴል ቀለም አስቀብተው እንደሚጫወቱ በቴኒስ ዓለም የታወቀ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቀለም እንጂ ዕቃው ላይሆን ይችላል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ያሰኛል።

ሁለተኛ፣ ሳያወዳድር አይፍረድ፤ ሲያወዳድርም በፍትሕ ያወዳድር። አዲስ ክር የተወጠረበት ራኬት፣ ክሩ ከሞተ አሮጌ ራኬት ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ አዲሱ ይሻላል። ያ ግን የክሩ ልዩነት ነው። መጀመሪያ አሮጌውን ክር ያስቀይርለት። ብዙ ሰው በክር ዋጋ የሚፈታ ችግርን በራኬት ዋጋ ይገዛዋል።

ሦስተኛ፣ መያዣውን ይለካ። ራኬቱን ጨብጦ በጣቶቹ ጫፍና በመዳፉ መካከል የሌላኛው እጁ አመልካች ጣት ልክ የምትገባበት ክፍተት ካለ መያዣው ለእጁ ይስማማል። በጣም ቀጭን ከሆነ አጥብቆ እየጨበጠ ክንዱን ይጎዳል፤ በጣም ወፍራም ከሆነ አንጓውን ያስራል።

አራተኛውና ዋናው፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አይወስን። ትኩስ ሆኖ፣ ጓደኛው ቀለል አድርጎ በሚያቀብለው ኳስ፣ ሁሉም ራኬት ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይሞክረው። እግሩ ሲዝል፣ ኳሷ ዘግይቶ ሲደርስባት፣ እጁን ዘርግቶ በግድ ሲነካት ራኬቱ ምን ያደርጋል? መረቡን አሻግሮ ይመልስለታል ወይስ ይጥልበታል? በማግስቱ ጠዋት ክርኑን ያመዋል ወይስ አያመውም? መልሱ ያለው እዚያ ነው። ጥሩውን ምት ለማድነቅማ የቆየው ራኬትም ይበቃ ነበር።

ይህ መለኪያ ከቴኒስ ሜዳ ውጭም ያስኬዳል። ሕግም፣ ተቋምም፣ የአሠራር ልማድም ሲመዘን "በደጉ ጊዜ ምን አመጣልን?" ተብሎ ይመዘናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አሮጌው ሁሉ ምስክር አያጣም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ስንደክም፣ ስንዘገይ፣ ስንሳሳት ይሸከመናል ወይ? ይህን ጥያቄ ደግሞ ቀውስ ውስጥ ሆኖ መመለስ አይቻልም። አዲስ ነገር በቀውስ መካከል ለሁለት ሳምንት ይሞከርና ሲከሽፍ "አየህ፣ አልሠራም" ይባላል። ከዚያ ወደ አሮጌው ይመለሳሉ፤ አሮጌውም አያድንም።

ፌደረር በ2013 ክረምት የደረሰበት ይኸው ነበር። ሰውየውን የለየው ትክክለኛውን ራኬት በመጀመሪያው ሙከራ ማግኘቱ አይደለም። ያልተሳካውን ሙከራ እንደ መጨረሻ ፍርድ ሳይቆጥር፣ ጤናውና ጊዜው ሲፈቅዱ መልሶ ማንሣቱ ነው። አዲስ ራኬት ገዝቶ ሁለት ቀን ተጫውቶበት ጥግ ላይ የወረወረ ሰው ካለ፣ ከመሸጡ በፊት ያሳድረው። ያመመው ሲድን፣ ጨዋታው ለነጥብ ሳይሆን ለልምምድ ሲሆን፣ አንድ ወር ይስጠው። ያኔም እምቢ ካለ፣ ያኔ ይሽጠው።